ታሪካዊ ፊልም በታሪክ ትምህርት፤ የምስክርነቱ ዋጋና ወሰን

መግቢያ

የታሪክ ትምህርት በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ዘመን የተመሠረተው በጽሑፍና በመምህሩ አንደበት ላይ ነው። ተማሪው ያለፈውን ዘመን የሚያውቀው መጽሐፉን በማንበብ፣ መምህሩ የሚነግረውን በማዳመጥና በጥቁር ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን በመገልበጥ ነበር። ዛሬ ግን ማንም ሳያስተምረው የሚማርበት ሌላ ምንጭ አለው፤ ይኸውም ፊልም ነው። ስለ አምስቱ ዓመት የኢጣልያ ወረራ፣ ስለ 1966ቱ አብዮት ወይም ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተማሪው በዓይነ ሕሊናው የሚያየው ትዕይንት ብዙውን ጊዜ በቴሌቪዥን ወይም በእጅ ስልክ ከተመለከተው ተንቀሳቃሽ ሥዕል የተወሰደ ነው። መምህሩ ፊልሙን ወደ ክፍል አስገባውም አላስገባው፣ ፊልሙ በተማሪው አእምሮ ውስጥ ቀድሞ ገብቷል።

በዚህ ረገድ በመምህራን ዘንድ ሁለት ተቃራኒ አመለካከቶች ይታያሉ። አንደኛው ወገን ፊልም ያለፈውን ዘመን ሕይወት ዘርቶ ስለሚያሳይ ከመጽሐፍ የበለጠ አስተማሪ ነው ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ፊልም ለመዝናኛ የሚሠራ፣ እውነትን ከፈጠራ የሚቀላቅል ስለሆነ በታሪክ ክፍል ቦታ ሊሰጠው አይገባም ሲል ይከራከራል። ሁለቱ ወገኖች የተለያዩ ቢመስሉም አንድ የጋራ ስሕተት አላቸው። ሁለቱም ፊልምን የሚመዝኑት ያለፈውን ዘመን እንዳለ ማሳየት ይገባዋል በሚል መነሻ ነው። የመጀመሪያው «ያሳያል» ብሎ ያምነዋል፤ ሁለተኛው «አያሳይም» ብሎ ይጥለዋል።

የዚህ ጽሑፍ አቋም ከሁለቱም የተለየ ነው። ማንኛውም ታሪካዊ ፊልም በቅድሚያ የሚመሰክረው ስለ ተሠራበት ዘመንና ስለ ሠሪው ነው፤ ስለሚተርከው ዘመን የሚሰጠው ምስክርነት የሚታመነው ይህ የመጀመሪያው ምስክርነት ከተመረመረ በኋላ ብቻ ነው። ይህ ሐሳብ ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር በተያያዙ ሦስት ፊልሞችና ስለ አልጄሪያ የነፃነት ትግል በተሠራ አንድ ፊልም አማካይነት ከዚህ በታች ይብራራል።

1. ፊልም እንደ ታሪክ ምንጭ

የታሪክ ተመራማሪ አንድ ደብዳቤ ሲያገኝ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ማን ጻፈው? መቼ? ለማን? ለምን ጉዳይ?» ብሎ ነው። እነዚህ ጥያቄዎች ሳይመለሱ በደብዳቤው ውስጥ ያለው ቃል እንደ ማስረጃ አይጠቀስም። ፊልምም በዚሁ ሚዛን ሊመዘን ይገባል። ሆኖም ፊልም ከደብዳቤ የሚለይበት አንድ ባሕርይ አለው። ደብዳቤ ጸሐፊውን አይሸሽግም፤ ፊርማውና ማኅተሙ በግልጽ ይታያሉ። ፊልም ግን ካሜራውን የያዘውን ሰው አያሳይም። ተመልካቹ ራሱ በሥፍራው ቆሞ የሚያይ ይመስለዋል። የፊልም ኃይልም አደጋውም የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

ስለዚህ በታሪክ ክፍል ውስጥ ለሚቀርብ ለማንኛውም ፊልም አራት ጥያቄዎች መቅረብ አለባቸው። ካሜራውን የያዘው ማን ነው? የቆመውስ ከማን ወገን ነው? የተነሡትን ቁርጥራጮች መርጦ የቀጠላቸው ማን ነው? ፊልሙ በመጀመሪያ የታየው ለማን ነው? ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱ እንኳ ሳይመለስ የቀረ እንደሆነ፣ ተማሪው የሚያገኘው የታሪክ ዕውቀት ሳይሆን የሌላ ሰው አስተያየት ነው።

ፊልም ገና ሲወለድ ጀምሮ እውነተኛ ትዕይንትን ከተሠራ ትዕይንት ጋር ሲያቀላቅል መኖሩም መዘንጋት የለበትም። የሉሚየር ወንድማማቾች በፓሪስ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ሲኒማ ያሳዩት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 28 ቀን 1895 ነው። ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በ1897 በግሪክና በቱርክ መካከል ጦርነት ሲነሣ፣ ፈረንሳዊው ዦርዥ ሜልየስ ከፓሪስ አጠገብ በሚገኘው የፊልም መሥሪያው ውስጥ የጦርነቱን ትዕይንቶች በተዋንያን ሠርቶ አቅርቧል። ተመልካቹ የጦር ሜዳውን ያየ መሰለው፤ ያየው ግን ቀለም የተቀባ መጋረጃ ነበር።

2. ካሜራ ያልደረሰበት ድል

የዓድዋ ጦርነት የተካሄደው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ይህም በፓሪስ የመጀመሪያው ሲኒማ ከታየ ሁለት ወር ገደማ በኋላ መሆኑ ነው። በዚያን ዕለት በዓድዋ ተራሮች ላይ አንድም የፊልም ካሜራ አልነበረም። ስለሆነም በማናቸውም ፊልም ውስጥ የሚታይ የዓድዋ ውጊያ ትዕይንት በኋላ ዘመን የተሠራ ነው። ይህ ቀላል እውነት ቢሆንም በክፍል ውስጥ በግልጽ ሊነገር ይገባዋል፤ የተዋንያንን ድርጊት የጦርነቱ ቀረጻ አድርጎ የሚቀበል ተማሪ ሊኖር ስለሚችል ነው።

ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1999 ያቀረበው «ዓድዋ፤ የአፍሪካ ድል» የተባለው ዘጋቢ ፊልም ይህን ችግር ያቃለለበት መንገድ ለመምህራን ትልቅ ትምህርት አለው። አዘጋጁ ውጊያውን በሺህ በሚቆጠሩ ተዋንያን እንደገና ለመፍጠር አልሞከረም። ፊልሙን የገነባው በባህላዊ ሥዕሎች፣ በዜማ፣ በመልክዓ ምድርና በአረጋውያን ትረካ ነው። በዚህም ምክንያት ተመልካቹ «ይህ ዓድዋ ነው» ብሎ አይታለልም፤ የሚያየው ዓድዋ በሕዝብ ትዝታ ውስጥ እንዴት እንደ ተቀመጠ ነው። ፊልሙ የሌለውን ማስረጃ እንዳለ አድርጎ አለማቅረቡ ከሥነ ጥበብ ብቃቱ ባልተናነሰ የሚመሰገንበት ነው።

በፊልሙ ውስጥ የሚታዩት የዓድዋ ሥዕሎችም ራሳቸው ሊነበቡ የሚገባቸው ሰነዶች ናቸው። በቤተ ክርስቲያን የአሣሣል ልማድ መሠረት ጻድቅና ወገን የሆነው ሰው ሙሉ ፊቱና ሁለት ዓይኖቹ ይታያሉ፤ ጠላትና ክፉ የሆነው ግን ጎኑን ብቻ ሰጥቶ በአንድ ዓይን ይሣላል። በዓድዋ ሥዕሎች የኢጣልያ ወታደሮች በጎን መታየታቸው ከዚህ የመነጨ ነው። በሰማይ ላይ በፈረሱ ተቀምጦ የሚታየው ቅዱስ ጊዮርጊስም ሠዓሊውና ዘመኑ ድሉን በምን እንደ ተረዱት ይናገራል። ተማሪው ይህን ልማድ ከተረዳ በኋላ ሥዕሉን እንደ ፎቶግራፍ አያየውም፤ እንደ ተረት ቆጥሮም አይጥለውም። የአንድን ትውልድ እምነትና ኩራት የመዘገበ ማስረጃ አድርጎ ይይዘዋል።

የፊልሙ ርእስ ራሱ ደግሞ ፊልሙ የተሠራበትን ዘመን ያስታውቃል። ድሉን «የአፍሪካ ድል» ብሎ መሰየም ባዶ ማሞገሻ አይደለም። አዘጋጁ በአሜሪካ የኖረና በዋሽንግተን በሚገኘው የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ ኢትዮጵያዊ ሲሆን፣ ዓድዋን የሚያየው ከባርነትና ከዘር መድልዎ ጋር ከታገሉት የጥቁር ሕዝቦች ትግል ጋር አያይዞ ነው። ፊልሙ የወጣውም የድሉ መቶኛ ዓመት በ1988 ዓ.ም. ከተከበረ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ስለዚህ ተማሪው ከዚህ ፊልም የሚማረው ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው የ1888 ዓ.ም. ድል፣ ሁለተኛው ድሉ ከመቶ ዓመት በኋላ ለጥቁር ሕዝቦች የሰጠው ትርጉም። ስለ ጦሩ አሰላለፍ፣ ስለ ስንቅና ስለ ውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ዝርዝር ዕውቀት የሚፈልግ ተማሪ ግን ወደ መጽሐፍ መመለስ ይኖርበታል። ፊልሙን በዚህ መውቀስ ተገቢ አይሆንም፤ የተሠራበት ዓላማ ሌላ ነውና።

3. በወራሪው ካሜራ የተነሣ ጦርነት

ከዓድዋ በኋላ በ40 ዓመት የመጣው ወረራ ከዚህ ፍጹም የተለየ ነው። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር የመረብን ወንዝ ሲሻገር ካሜራው አብሮት ተሻግሯል። የፋሺስቱ መንግሥት የፊልም ድርጅት የሆነውና እ.ኤ.አ. በ1924 የተቋቋመው የሉቼ ተቋም በ1935 ለምሥራቅ አፍሪካ የተለየ ክፍል አደራጅቶ ባለ ካሜራዎቹን ከጦሩ ጋር አሰማርቷል። ዛሬ ስለ ወረራው የሚገኘው ተንቀሳቃሽ ሥዕል አብዛኛው የዚህ ተቋም ሥራ ነው። ስለሆነም ኢትዮጵያዊው ተማሪ የአያቶቹን ጦርነት የሚያየው በአመዛኙ አያቶቹን ሊገድል በመጣው ጦር ዓይን ነው። ጉዳዩን ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1936 ያወጣውና ኮራዶ ዴሪኮ ያዘጋጀው «የጀግኖች ጎዳና» የተባለ ፊልም ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ፊልሙ በቴክኒክ ረገድ የተዋጣለት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። መርከቦች ጭነት ያራግፋሉ፤ መንገድ ይጠረጋል፤ ለወታደሩ ስንቅ ይጓጓዛል፤ መኪናዎች በሰልፍ ይሄዳሉ፤ አውሮፕላኖች ይነሣሉ። ጦርነቱ የቀረበው እንደ አንድ ትልቅ የግንባታ ሥራ ሆኖ ነው። ለምን ዓላማ እንደሚሠራ፣ በማን ላይ እንደሚሠራ ግን በቂ መልስ አይገኝም። አገሩ ባለቤት የሌለው፣ መንገድ ብቻ የጎደለው ምድር ይመስላል። የተቋሙ የዜና ፊልሞች ኢትዮጵያውያንን በሚያሳዩበት ጊዜም ብዙውን ጊዜ እጅ ሲሰጡ፣ ሰላምታ ሲያቀርቡ፣ ወይም ከባርነት ነፃ ወጡ ተብለው ሲሰለፉ ነው። በራሱ ውሳኔ የሚዋጋ፣ የሚመካከር፣ የሚያዝን ኢትዮጵያዊ እምብዛም አይታይም።

ከሁሉ ይበልጥ ትኩረት የሚያሻው ከአውሮፕላን ላይ የተነሣው ክፍል ነው። ካሜራው ወደ ታች ይመለከታል፤ ቦምብ ይወርዳል፤ ከመሬት ጢስ ይነሣል፤ ሰው ግን አይታይም። ተመልካቹ በአብራሪው ወንበር ስለ ተቀመጠ የሚሰማው የከፍታና የፍጥነት ስሜት ነው። በጢሱ ሥር የነበረው ሰው ከፊልሙ ውጭ ቀርቷል።

ከዚህም ሌላ በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ፈጽሞ የማይገኝ አንድ ዐቢይ ጉዳይ አለ፤ እርሱም የመርዝ ጋዝ ነው። የኢጣልያ አየር ኃይል እ.ኤ.አ. ከ1935 ታኅሣሥ ወር ጀምሮ ሰናፍጭ ጋዝ በኢትዮጵያ ሠራዊትና ሕዝብ ላይ ማዝነቡ በብዙ ማስረጃ የተረጋገጠ ነው። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ልዑክ የነበረው ስዊሳዊው ዶክተር ማርሴል ጁኖ ያየውን ጽፏል፤ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በዤኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ተናግረዋል። ሆኖም የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስቴር ድርጊቱን በይፋ ያመነው ከ60 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ለዚህ ሁሉ ዘመን ክሕደቱ ሊቆይ ከቻለባቸው ምክንያቶች አንዱ የኢጣልያ ሕዝብ ያየው ፊልም ጋዙን ያላሳየ መሆኑ ነው ለማለት ይቻላል። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1989 «የፋሺስት ውርስ» በሚል ርእስ የፋሺስቱን ጦር ወንጀል የሚያጋልጥ ዘጋቢ ፊልም ባሳየ ጊዜም፣ የኢጣልያ መንግሥት ቴሌቪዥን ፊልሙን ከገዛው በኋላ ለሕዝብ ሳያሳይ አስቀምጦታል። በፊልም ውስጥ ያልታየ ነገር እንዳልተደረገ ይቆጠራል፤ የፊልም ዝምታ እንደ ፊልም ንግግር ሁሉ ኃይል አለው።

ይህ ሲባል ግን የሉቼ ፊልሞች ከክፍል ይወገዱ ማለት አይደለም። በጥንቃቄ ለሚያያቸው ሰው ሳይፈልጉም የሚመሰክሩት ብዙ ነገር አለ። የመኪናው፣ የመድፉና የአውሮፕላኑ ብዛት፣ ፊልሙ ለኩራት ቢያሳየውም፣ በሁለቱ ወገኖች መካከል የነበረውን የመሣሪያ ልዩነት ከማንኛውም ሠንጠረዥ ይልቅ ያስረዳል። ወራሪው ሊያስመሰግነው ያቀረበው ነገር ለተወራሪው ማስረጃ ይሆናል። በሌላ ወገን ሁለት የሶቪየት ባለ ካሜራዎች በኢትዮጵያ ወገን ቆመው ያነሡትና በ1936 እ.ኤ.አ. የወጣው «አቢሲኒያ» የተባለ ፊልም ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ስለ ተፈጸመው የደሴ ድብደባ ካሜራ ከመሬት ሲያይ ምን እንደሚመስል ያሳያል። የሶቪየት ፊልምም የራሱ ፖለቲካዊ ዓላማ እንዳለው ሳይዘነጋ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት «ካሜራው ከየት ቆመ?» ለሚለው ጥያቄ ከሁሉ የተሻለ መልስ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1985 ዓ.ም. ባሳተሙት «ትዝታ» ስለ ሽሬ ግንባርና ስለ ምርኮ ኑሯቸው የጻፉትም ፊልሙ የደበቀውን ሰው ወደ ሥፍራው ይመልሰዋል።

4. የመቀስ ሥራ፤ የ1966ቱ ረሃብ በሁለት ፊልም

እስካሁን የታየው የካሜራው ቦታ የሚያመጣው ልዩነት ነው። ካሜራው እውነቱን ቢያነሣም እንኳ ቁርጥራጮቹ የሚቀጠሉበት መንገድ ትርጉሙን ሊለውጥ ይችላል። ሩሲያዊው ሌቭ ኩሌሾቭ የአንድን ተዋናይ ፊት አንድ ጊዜ ከምግብ፣ ሌላ ጊዜ ከአስከሬን ሣጥን ጋር በመቀጠል፣ ተመልካቹ በዚያው ፊት ላይ ረሃብንና ሐዘንን እያፈራረቀ እንደሚያይ በሙከራው ማመልከቱ በፊልም ትምህርት የታወቀ ነው። በኢትዮጵያ ታሪክ የዚህ ነገር ትልቁ ምሳሌ የወሎ ረሃብ ፊልም ነው።

እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ «ያልታወቀው ረሃብ» በሚል ርእስ ያዘጋጀው ፊልም በብሪታንያ ቴሌቪዥን የታየው በጥቅምት ወር 1966 ዓ.ም. ነው። ፊልሙ የወሎን ረሃብተኞች አሳየ፤ የእንግሊዝ ተመልካችም ለእርዳታ እጁን ዘረጋ። የመጀመሪያው ተመልካች የሩቅ አገር ሕዝብ፣ የፊልሙ ዓላማም እርዳታ ማስገኘት ነበር። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሊወርዱ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ይኸው ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። አሁን ግን በረሃብተኞቹ መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣና ድሎት የሚያሳዩ ትዕይንቶች ገብተውበት ነበር። በማግሥቱ ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ከሥልጣን አወረደ።

በዚህ ፊልም ላይ የሚሰጥ ሒስ ሚዛኑን የጠበቀ መሆን አለበት። ረሃቡ እውነት ነው፤ በሕዝቡ ላይ የወረደው ሞት እውነት ነው፤ መንግሥት አደጋውን መሸሸጉም እውነት ነው። የግብዣው ትዕይንቶችም የተፈጠሩ አይደሉም። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ቁራጭ እውነት ሆኖ ሳለ፣ ቅጥሉ የሚናገረው «በዚያው ሰዓት፣ ይህ ሲሞት ያ ይበላል» የሚለው ቃል ከመቀስ የተገኘ ነው። ግብዣው መቼ እንደ ተደረገና ከረሃቡ ጋር በጊዜ መገናኘት አለመገናኘቱን የሚያረጋግጠው ፊልሙ ሳይሆን ሌላ ሰነድ ነው። ተማሪው ይህን ልዩነት ሲረዳ የረሃቡን ግፍ አያቃልልም። ለሥርዓቱ ተጠያቂነት ግን ከስሜት የጸና ማስረጃ መፈለግን ይለምዳል።

ከዚህም በላይ ይህ ሁለተኛው ፊልም ራሱ የታሪክ ድርጊት ሆኗል። የመስከረም 1967 ዓ.ም. ለውጥ እንዴት ለሕዝብ እንደ ተዘጋጀ የሚያጠና ሰው ሊያልፈው የማይችል ማስረጃ ነው። ስለ ረሃቡ ከሚናገረው ይልቅ ስለዚያች ማታ የሚናገረው ይበልጣል።

5. ዜና የሚመስል ልብ ወለድ

ዘጋቢ ፊልሞች ይህን ያህል ጥንቃቄ የሚጠይቁ ከሆነ በተዋንያን የሚሠሩ ታሪካዊ ፊልሞችስ? የሰርጌይ አይዘንስታይን «የጦር መርከብ ፖተምኪን» እ.ኤ.አ. በ1925 የተሠራ ሲሆን የሚተርከው ስለ 1905 ዓመፅ ነው። በኦዴሳ ደረጃ ላይ የሚታየው ጭፍጨፋ በከተማው ከፈሰሰው ደም የተነሣ ቢሆንም፣ ትዕይንቱ በዚያ መልክ የተቀነባበረው በዲሬክተሩ ነው። ዛሬ ግን ስለ 1905ቱ ኦዴሳ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ያንን ደረጃ ነው። የጂሎ ፖንቴኮርቮ «የአልጀርስ ውጊያ» ደግሞ በአፍሪካ የነፃነት ትግል ትምህርት ውስጥ ስለሚጠቀስ ሰፋ ያለ ምርመራ ይገባዋል።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣ ሲሆን በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የወርቅ አንበሳ ሽልማትን አግኝቷል። የሚተርከውም በ1956 እና በ1957 በአልጀርስ ከተማ በብሔራዊ ነፃነት ግንባሩ ታጋዮችና በፈረንሳይ ፓራሹተኞች መካከል የተደረገውን ትግል ነው። ጥቁርና ነጭ ሆኖ፣ የዜና ፊልም እንዲመስል ተብሎ ሻካራ መልክ እንዲኖረው ተደርጎ ተነሥቷል። ተመልካቾች የዜና ቀረጻ ነው ብለው እንዳይሳሳቱ፣ በአሜሪካ ሲታይ በውስጡ አንድም የዜና ፊልም ቁራጭ እንደሌለ የሚገልጽ ማስታወቂያ ተያይዞበት ነበር። ማስታወቂያው ለሥራው ምስጋና ነው፤ ለታሪክ መምህር ግን ማስጠንቀቂያ ነው።

ሁለተኛው ሊታወቅ የሚገባው ጉዳይ የሠሪዎቹ ማንነት ነው። ከፊልሙ አምራቾች አንዱ የሆነው ሳዲ ያሴፍ በውጊያው ጊዜ በአልጀርስ የግንባሩ የጦር መሪ የነበረ ሲሆን፣ በፊልሙ ውስጥ ራሱን የሚመስለውን ሰው ሆኖ ተውኗል። ይህ ለፊልሙ የዓይን ምስክር ክብደት ይሰጠዋል፤ እግረ መንገዱንም ፊልሙን የአንድ ወገን ምስክር ያደርገዋል። የፈረንሳዩ ኮሎኔል ማቲዩ ደግሞ በታሪክ የነበረ አንድ ሰው ሳይሆን ከበርካታ የፈረንሳይ መኮንኖች የተቀናበረ ገጸ ባሕርይ ነው። በአልጄሪያውያን መካከል፣ በግንባሩና በተቀናቃኙ ብሔራዊ ንቅናቄ መካከል የፈሰሰው ደም በፊልሙ ውስጥ ቦታ አላገኘም። ነፃነት በተገኘ በአራተኛው ዓመት ለወጣ ፊልም ይህ የሚያስደንቅ አይደለም፤ አዲሲቱ አገር ራሷን እንደ አንድ ሕዝብ ማየት የምትሻበት ዘመን ነበርና።

ይህም ሆኖ ፊልሙ የሚያስተምረው ነገር ከመጽሐፍ በቀላሉ የማይገኝ ነው። በፍተሻ ኬላ ላይ የቆመ ሰው የሚሰማው ፍርሃት፣ የካስባህ ጠባብ መንገዶችና ሰገነቶች ለታጋዩ የሰጡት ጥቅም፣ ማሠቃየት እንደ መደበኛ ሥራ ሲፈጸም የሚያመጣው ውርደት በግልጽ ይታያሉ። ፊልሙ ሦስቱ ሴቶች ቦምብ ይዘው ወደ አውሮፓውያኑ ሠፈር ሲገቡ ካሜራውን በሚሞቱት ሰዎች ፊት ላይ ያሳርፋል፤ አይስ ክሬም የሚልስ ሕፃንንም አይሸሽግም። ቀደም ሲል በአልጄሪያውያኑ ሠፈር በቦምብ ለሞቱት የተሰማው የሐዘን ሙዚቃ ለእነዚህም ይሰማል። ወገኑን ለይቶ ሳለ የጠላቱን ሞት ያልናቀ ፊልም ነው። በወራሪው አውሮፕላን ላይ ተቀምጦ ወደ ታች ከሚያየው ካሜራ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ የሰማይና የምድር ያህል ነው።

ፊልሙ ለዓመታት በፈረንሳይ እንዳይታይ ተደርጎ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ በአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር፣ የኢራቅ ጦርነት በተካሄደበት ዓመት፣ ለመኮንኖችና ለሠራተኞች እንዲታይ ተደርጓል። ለነፃነት ታጋዮች ክብር የተሠራ ፊልም የዓመፅ መከላከያ ትምህርት ሆነ። የአንድ ፊልም ትርጉም በሠሪው ብቻ ሳይሆን በተመልካቹም እንደሚወሰን ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

6. በክፍል ውስጥ ሊወሰዱ የሚገባቸው እርምጃዎች

ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተዘረጋው የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት አንድ ነገር አስገንዝቧል። ተማሪው ከሚናገር መስተዋት ፊት ሲቀመጥ ጥያቄ ለመጠየቅ ይቸገራል፤ መምህሩም የዳር ተመልካች ይሆናል። ታሪካዊ ፊልም በዚሁ መልክ ከቀረበ ጉዳቱ ይብሳል፤ የሒሳብ ቀመር በስክሪንም በሰሌዳም ያው ነው፣ የታሪክ ትረካ ግን ባለቤት አለው።

ስለዚህ ፊልም በታሪክ ክፍል ውስጥ ሲቀርብ የሚከተለው ሥርዓት ቢጠበቅ መልካም ነው።

ሀ) ሙሉ ፊልም ማሳየት አያስፈልግም። ከአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ሦስት ወይም አራት ደቂቃ የሚወስድ ቁራጭ ይበቃል። የቀረው ጊዜ ለጥያቄና ለውይይት ይዋል።

ለ) ቁራጩ በመጀመሪያ ያለ ድምፅ ይታይ። ተማሪው ያየውን ብቻ፣ አስተያየት ሳይጨምር፣ ይጻፍ። ቀጥሎ ከተራኪው ቃልና ከሙዚቃው ጋር ይታይ። ሁለቱ ሲነጻጸሩ ቃሉ ለሥዕሉ ምን እንደ ጨመረለት ተማሪው ራሱ ይደርስበታል።

ሐ) ከላይ የተጠቀሱት አራት ጥያቄዎች ይቅረቡ። በተለይ «ከካሜራው ኋላና ከሥዕሉ ጠርዝ ውጭ ማን አለ?» የሚለው ይጠየቅ።

መ) ፊልሙ ከሌላ ምንጭ ጋር ይነጻጸር፤ ከሰነድ፣ ከትዝታ መጽሐፍ፣ ከሥዕል ወይም በአካባቢው ካለ የቃል ታሪክ ጋር። ብቻውን የቆመ ምስክር አይበቃም።

ሠ) ዘግናኝ ትዕይንት ያለበት ፊልም የተማሪዎቹ ዕድሜ ታይቶ፣ አስቀድሞ ተነግሯቸው ይቅረብ። ሰቆቃን ማሳየት ብቻውን ማስተማር አይደለም።

ይህን ለመፈጸም ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ከሉቼ ተቋም መዝገብ ከፊሉ እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ በኢንተርኔት ለሕዝብ ክፍት ሆኗል፤ የመብራትና የመሣሪያ እጥረት ባለበት ትምህርት ቤትም አንድ ቁራጭ በአንድ ኮምፒዩተር ሊታይ ይችላል። የሚያስፈልገው መምህሩ ፊልምን እንደ ሰነድ የማንበብ ልምምድ በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማት እንዲያገኝ ነው። እንዲሁም ስለ ኢትዮጵያ የተነሡ ፊልሞች በአገር ውስጥ ተሰብስበው፣ እያንዳንዱ መቼ፣ በማንና ለማን እንደ ተሠራ የሚገልጽ የአማርኛ መግለጫ ተጽፎላቸው ለትምህርት ቤቶች ቢደርሱ ጥቅሙ የላቀ ይሆናል።

ማጠቃለያ

ታሪካዊ ፊልም በተማሪው ዘንድ ከመጽሐፍ ይልቅ የመታመን ኃይል አለው፤ ዓይን ያየውን ልብ ይቀበላልና። ከላይ የተመረመሩት አራት ፊልሞች ግን በግልጽ እንዳሳዩት፣ ዓይን የሚያየው ሌላው ሰው እንዲያይ የመረጠለትን ነው። የዓድዋ ፊልም የሌለውን ማስረጃ ባለመፍጠሩ፣ የአልጀርሱ ፊልም የጠላትን ፊት ባለመሰረዙ ይመሰገናሉ። የሉቼ ፊልም በዝምታው፣ የ1967ቱ ቴሌቪዥን በመቀሱ ሊመረመሩ ይገባል። አራቱም ቢሆኑ ከክፍል መውጣት የለባቸውም።

የጉዳዩ አሳሳቢነት ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ጨምሯል። በ1928 ዓ.ም. በማይጨውና በሽሬ የቆሙት አርበኞች አልፈዋል፤ የጋዙን ቁስል በገላቸው የተሸከሙት፣ ፊልሙን አይተው «እንዲህ አልነበረም» ሊሉ የሚችሉት ሰዎች የሉም። የቀረው ወራሪው ያነሣው ፊልም ነው። ተማሪው ፊልሙን መጠየቅ ካልተማረ፣ የአያቶቹን ታሪክ ከገዳዮቻቸው አፍ ተቀብሎ እንደ ራሱ ትዝታ ሊይዘው ይችላል። ከተማረ ግን ያው ፊልም በሠሪዎቹ ላይ ይመሰክራል። ይህን ልዩነት የሚያመጣው በክፍሉ ውስጥ ያለው መምህር ነው።